የባሪያ ጌቶችን አእምሮ ሲመረምሩ ኖረው ሃርቫርድን ስለመሩት ድሩ ፋውስት ምን ትላላችሁ?

ዓባይ ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

እዚህ ስለ አሜሪካ ባርነት ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የተበደሉትን ነው። ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የበዳዩን ጭንቅላት ሲመረምሩ ስለኖሩ አንዲት የታሪክ ምሁር ላንሳ። ድሩ ጊልፒን ፋውስት ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ነው። ከ2007 እስከ 2018 መርተውታል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት የሠሩት ሥራ ነው። ፕሬዚዳንት ሆነው ያደረጉትም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የተወለዱት በ1947 ኒው ዮርክ ነው። ያደጉት ግን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ክላርክ ካውንቲ ነው። አባታቸው የዘር ፈረስ ያረቡ ነበር። ቤቱ የነጭ ባለጸጋ ቤት ነው፤ የሚያገለግሉት ጥቁሮች ናቸው። ስለዚህ ነገር አይወራም። አካባቢው ደግሞ የሴናተር ሃሪ ቤርድ አገር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን፣ የቨርጂኒያን ነጮች አስተባብሮ ለመቃወም የተነሳው ሰው ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁር ልጅ ከሚገባበት ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ተብሎ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ፋውስት ይህን ጉዳይ የሰሙት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመኪና ሬዲዮ ነው። ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ምን አደረጉ? ከደብተር ወረቀት ገንጥለው ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ደብዳቤ ጻፉ። ነጭ ልጅ መሆናቸውን፣ ግን ይህ መለያየት ትክክል እንዳልመሰላቸው ነገሯቸው። ደብዳቤው አልጠፋም። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በአይዘንሃወር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኝቶ ራሳቸው አንብበውታል።

በ1965 የኮሌጅ ተማሪ ሳሉ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የወጡ ሰልፈኞች ከተደበደቡ በኋላ ወደ ሰልማ፣ አላባማ ሄዱ። በ1968 ከብሪን ማር ኮሌጅ ተመረቁ። በ1975 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሰጣቸው፤ እዚያው ለሩብ ምዕተ ዓመት አስተማሩ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ያጠናል ትላላችሁ? እኔ የነጻነት ታጋዮችን ብዬ ነበር የምገምተው። እሳቸው ግን የመረጡት ባርነት ከእግዚአብሔር ነው፣ ለባሪያውም ጥሩ ነው ብለው መጽሐፍ ሲጽፉ የነበሩትን የደቡብ ምሁራን ነው። የተማሩ ሰዎች ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ልጆቻቸውን ይወዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ ነገር እየሠራ ልክ ነኝ ብሎ ራሱን የሚያሳምነው እንዴት ነው? የፋውስት የዕድሜ ልክ ጥያቄ ይኸው ነው። ለእኔ ከታሪክ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያክል ከባድ የለም።

ሐሳባችሁን እሻለሁ። ጌቶቹን ማጥናት ይገባል? ደግሞስ ታሪክ አዋቂ መሆን ዩኒቨርሲቲ ለመምራት ይረዳል?

ፀደይ፦

አመሰግናለሁ ዓባይ ማዶ። ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አላውቅም ነበር። ከእነዚያ ምሁራን የአንዱን ታሪክ በዝርዝር ብታጫውተን? በጥቅሉ "ጌቶቹ" ሲባል ፊት የላቸውም።

ዓባይ ማዶ፦

በደስታ እህቴ። ፋውስት በ1982 የአንዱን ሰው የሕይወት ታሪክ አሳትመዋል። ሰውየው ጄምስ ሄንሪ ሃሞንድ ነው፣ የደቡብ ካሮላይና።

ሃሞንድ የባለርስት ልጅ አልነበረም። አባቱ አስተማሪ ነበር። በ1831 ሀብታም ልጅ አገባና በሳቫና ወንዝ ዳር ያለ ሲልቨር ብላፍ የሚባል ሰፊ እርሻ እጁ ገባ። ከእርሻው ጋር 147 ባሪያዎች ተረከበ። ከዚያ አገረ ገዥ ሆነ፣ ከዚያ ሴናተር። በመጋቢት 1858 ሴኔት ውስጥ ቆሞ ጥጥ ንጉሥ ነው፣ ማንም ሊነካን አይደፍርም ያለው እሱ ነው። በዚያው ንግግር ማንኛውም ሥልጣኔ ዝቅ ያለውን ሥራ የሚሠራለት ከታች የሚኖር ሕዝብ ያስፈልገዋል ብሎ ተከራክሯል።

ይህ ሰው ሁሉን ይጽፋል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ጠፋ፣ ማን ተገረፈ፣ ሁሉ መዝገብ ላይ አለ። ፋውስት የገቡት እዚያ መዝገብ ውስጥ ነው። ያገኙት ደግሞ ሃሞንድ ሊነግረን የፈለገውን አይደለም። እርሻውን እንደተረከበ ባሪያዎቹ ለብቻቸው የሚያደርጉትን ጸሎትና ስብከት ሊያስቆም ተነሳ። የሥራ አመዳደባቸውንም ለወጠ። ቀድሞ እያንዳንዱ የተሰጠውን ቁራሽ ሥራ ከጨረሰ ቀሪው ሰዓት የራሱ ነበር። እሱ ግን በቡድን፣ በጠባቂ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ይሥሩ አለ። እነሱስ? ሥራ ያጓትታሉ። ጫካ ገብተው ለሳምንታት ይሰወራሉ። ከጎተራው ይወስዳሉ። በስውር ይጸልያሉ። ሃሞንድ ዓመት ከዓመት ይቀጣል፣ ዓመት ከዓመት ያንኑ ይመዘግባል። ፍጹም ጌታ ነኝ የሚለው ሰው የገዛ ደብተሩ ፍጹም ጌታ እንዳልነበረ ይመሰክርበታል።

ሌላም አለ፣ ለመጻፍም ይከብዳል። በ1839 ሳሊ የምትባል ወጣት ከሕፃን ልጇ ከሉዊዛ ጋር ገዛ። ሳሊን ዕቁባቱ አደረጋት። ሉዊዛ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት እሷንም ያዘ። በ1856 ለልጁ ለሃሪ በጻፈው ደብዳቤ ሁለቱንና ልጆቻቸውን ለባዕድ እንዳይሸጣቸው አደራ ይለዋል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ የራሱ እንደሆኑ ያምናል። ነጻ ልልቀቃቸው ግን አይልም። በቤተሰቡ ውስጥ ባሪያ ሆነው መኖር ለእነሱ ከሁሉ የተሻለ ዕድል ነው ብሎ ይጽፋል። የገዛ ልጆቹን! እዚህ ደብዳቤ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ።

ሙግት አይፈሬ፦

ወንድሜ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ።

ጥቁሩ ምሁር ዱቦይስ በ1895 ዶክትሬቱን ያገኘው ከዚያው ከሃርቫርድ ነው። ይህን ማዕረግ ከሃርቫርድ በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የጻፈው ደግሞ አሜሪካ የባሪያ ንግድን ለማገድ ስላደረገችው ጥረት ነው። ጥቁሩ የታሪክ ምሁር ጆን ሆፕ ፍራንክሊንም በ1941 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን አግኝቷል። ፋውስት በተወለደችበት በ1947 የጥቁር አሜሪካውያንን ሙሉ ታሪክ ጽፎ አሳትሟል። እነዚህ ሰዎች እያሉ ይህ ጥያቄ ከእሷ የጀመረ መምሰል የለበትም።

የፍራንክሊንን ነገር ታውቃላችሁ? በ1939 ለጥናቱ ሰሜን ካሮላይና፣ ራሌ ወደሚገኘው ቤተ መዛግብት ሄደ። ኃላፊው ደነገጠ። ሕንጻው ሲሠራ ጥቁር ተመራማሪ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። ለብቻው ክፍል አዘጋጁለት። ነጭ ሠራተኞች ሰነድ እንዳያመላልሱለት ሲባል የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ተሰጠው። ከዚያ ነጮቹ ተመራማሪዎች እሱ እንደልቡ እየገባ እኛ ለምን እንጠብቃለን ብለው አቤት አሉ፤ ቁልፉን ነጠቁት።

ፋውስት የሃሞንድን ወረቀት ስታገላብጥ ማንም ለብቻዋ ክፍል አልሰጣትም። ይህን ሳንናገር ብቃቷን ብቻ ብናወድስ ታሪኩ ይጎድላል።

መምህሩ (ባሕር ዳር)፦

ሙግት አይፈሬ ያነሳው የፍራንክሊን ታሪክ እውነት ነው። ለተማሪዎቼም እነግራቸዋለሁ። የጌቶችን ወረቀት የማንበብ ዕድል ራሱ ለሁሉም እኩል አልተሰጠም።

ግን የጥናት ዘዴውን ከሰውየዋ ዕድል እንለየው። የባሪያዎች የዕለት ኑሮ ብዙው የተመዘገበው በጌታው እጅ ነው። ማንበብና መጻፍ መማር በብዙ የደቡብ ግዛቶች ለባሪያ በሕግ ተከልክሎ ነበርና። ስለዚህ የታሪክ ሰው ያንን ወረቀት ሊሸሸው አይችልም። ጌታው "ሰነፍ" ብሎ ሲጽፍ አንባቢው "እምቢ ያለ" ብሎ ለማንበብ መድከም አለበት። ዓባይ ማዶ ስለ ሲልቨር ብላፍ የጻፈው እንዲህ ያለ ንባብ ነው። ለማንበብ ቀላል ይመስላል። ለመሥራት ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ምክንያቱም ሰውየው ራሱን የሚያወድስበትን ቋንቋ ከውስጥ ካላወቁት ሲዋሽም አያውቁበትም።

ፀደይ፦

መምህር፣ ይህንኑ ነጥብ ይዤ ልቀጥል። ትናንት ማታ ስለ ፋውስት የ1996 መጽሐፍ ሳነብ አመሸሁ። ስለ ደቡብ ባለባሪያ ቤት ነጭ ሴቶች ነው።

የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ወንዶቹ ዘመቱ። እርሻውና ባሪያው በሴቶቹ እጅ ቀረ። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ይቀጡና ያዝዙ ነበር፤ እርሻ ሙሉ መግዛት ግን ሌላ ነው። በጥቅምት 1862 የወጣ ሕግ ሃያና ከዚያ በላይ ባሪያ ያለበት እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከውትድርና ይቅር አለ። ድሆቹ ነጮች ተቆጡ፣ የሀብታም ጦርነት በድሃ ደም ነው አሉ። ፋውስት የእነዚያን ሴቶች ደብዳቤና ማስታወሻ አንብበው የደረሱበት መደምደሚያ እኔን ያስደነግጠኛል። ብዙዎቹ በሥርዓቱ ተስፋ ቆረጡ። የቆረጡት ግን ባሪያዎቹ ተበደሉ ብለው አይደለም። ሥርዓቱ እኛን መጠበቅ አቃተው ብለው ነው። ባሎቻችንን መልሱልን ማለት የጀመሩትም ለዚህ ነው።

ሆኖም በዚህ ላይ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አምጥተዋል። ስቴፋኒ ጆንስ-ሮጀርስ በ2019 ያሳተመችው ጥናት ነጭ ሴቶች ከጦርነቱ በፊትም ራሳቸው ባለቤት፣ ገዥና ሻጭ እንደነበሩ ያሳያል። አባቶች ለሴት ልጆቻቸው መሬት ሳይሆን ባሪያ ያወርሱ ነበር። ለዚህ የተጠቀመችው ትልቅ ምንጭ በ1930ዎቹ በመንግሥት ፕሮጀክት ከቀድሞ ባሪያዎች የተሰበሰበው ቃለ መጠይቅ ነው፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ተናግሯል። እነሱ እመቤታቸውን በደንብ ያስታውሳሉ። ጅራፉን ማን እንደያዘው ያውቃሉ።

ስለዚህ የጌቶቹ ወረቀት ብቻውን አይበቃም የሚለውን የሙግት አይፈሬን ስሜት እጋራለሁ። የፋውስት መጽሐፍ ዋጋ አጣ ለማለት ግን አይደለም። ሴቶቹ ስለ ራሳቸው ምን ይሉ እንደነበር ከፋውስት፣ ስለ እነሱ ምን ይባል እንደነበር ከጆንስ-ሮጀርስ እናገኛለን። ሁለቱንም ማንበብ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እዚህ አካባቢ ሐበሻው ብዙ ነው፤ ግን የምንረግጠውን መሬት አናውቀውም። አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት፣ ቁጥር 1315 ያለው ቤት ከ1828 ጀምሮ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ቢሮ ነበር። በአገሪቱ ከነበሩት የባሪያ ንግድ ድርጅቶች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ሰው እየሰበሰቡ በመርከብና በእግር ወደ ኒው ኦርሊንስና ናቼዝ ይልኩ ነበር። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ልጆቻችሁን ውሰዱ።

ስለ ፋውስት እኔ የማውቀው በ2008 የወጣውን፣ ስለ እርስ በርሱ ጦርነት ሙታን የጻፉትን መጽሐፍ ነው። በዚያ ጦርነት 620,000 ያህል ወታደር ሞቷል የሚለው የተለመደው ቁጥር ነው፤ በኋላ የተደረገ ስሌት ወደ 750,000 ያደርሰዋል። በተለመደው ቁጥር እንኳ ከሕዝቡ ሁለት ከመቶ ያህል ማለት ነው። መጽሐፉ ግን ስለ ቁጥር አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ሲሞት የሚቀብር ሥርዓት አልነበረም። ወታደሩ መታወቂያ አንገቱ ላይ የለውም። ለቤተሰብ መርዶ የማድረስ ግዴታ ያለበት መሥሪያ ቤት የለም። ወታደሮች ከውጊያ በፊት ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ልብሳቸው ላይ ይሰኩ ነበር። እኛ መርዶ ምን እንደሆነ፣ አስከሬን ሳያገኙ ለቅሶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለንና መጽሐፉ በጣም ገባኝ።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ከ300,000 በላይ የሰሜን ወታደሮችን አስቆፍሮ በ74 ብሔራዊ መካነ መቃብሮች አሳረፈ። አርሊንግተን የተጀመረው በ1864፣ የደቡቡ ጦር መሪ የጄኔራል ሊ ቤተሰብ እርሻ በነበረው መሬት ላይ ነው፤ ያንን እርሻ የሠሩት ባሪያዎች ናቸው። ክፍል 27 ሂዱና እዩ። ጥቁር ወታደሮች፣ ከእነሱም ጋር ከባርነት አምልጠው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ተቀብረዋል። ብዙው ድንጋይ ላይ ከስሙ በታች "ዜጋ" ተብሎ ተጽፏል። በሕይወት ሳሉ ዜግነት ያልተሰጣቸው ሰዎች ናቸው።

የካምብሪጅ ነዋሪ፦

ዓባይ ማዶ ያነሳውን ሁለተኛ ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ፕሬዚዳንት ሆነው ምን አደረጉ?

አመጣጣቸው እንዲህ ነው። በ2001 ከፔንሲልቬንያ ወደ ሃርቫርድ መጥተው የራድክሊፍ የጥናት ተቋም የመጀመሪያዋ ዲን ሆኑ። በ2005 የወቅቱ ፕሬዚዳንት ላሪ ሰመርስ ስለ ሴቶችና ሳይንስ በተናገሩት ንግግር ትልቅ ቁጣ ተነሳ። የሴት ምሁራንን ጉዳይ የሚያዩትን ግብረ ኃይሎች ያስተባበሩት ፋውስት ነበሩ። ሰመርስ በ2006 ለቀቁ። በ2007 ፋውስት ተመረጡ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከራሱ ከሃርቫርድ ዲግሪ ሳይኖራቸው የመሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ የ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣና ዩኒቨርሲቲው ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ 27 ከመቶ ያህል ኪሳራ ደረሰ። የመጀመሪያ ዓመቶቻቸው ያለቁት ይህን በማስታመም ነው።

በ2007 ስቨን ቤከርት የሚባሉ የታሪክ ፕሮፌሰር ከተማሪዎቻቸው ጋር ሃርቫርድ ከባርነት ጋር የነበረውን ግንኙነት መቆፈር ጀምረው ነበር። ግኝታቸው በ2011 ታተመ። ከዚያ ሚያዝያ 2016 ፋውስት ዋድስወርዝ ሃውስ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አስቀመጡ። ቤቱ በ1726 የተሠራ የፕሬዚዳንቶች መኖሪያ ነበር። ሰሌዳው ላይ አራት ስም አለ፦ ታይተስ፣ ቪነስ፣ ቢልሃ፣ ጁባ። በፕሬዚዳንት ዋድስወርዝና በፕሬዚዳንት ሆልዮክ ቤት በባርነት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሰሌዳውን አብረዋቸው የገለጡት የኮንግረስ አባሉ ጆን ሉዊስ ናቸው፣ በ1965 ሰልማ ድልድይ ላይ ጭንቅላታቸው የተፈነከተው። ፋውስት በዚያን ጊዜ የጻፉት ጽሑፍ ሃርቫርድ ማሳቹሴትስ ውስጥ ባርነት እስካበቃበት እስከ 1783 ድረስ በቀጥታ፣ ከዚያም በኋላ በገንዘብ ከደቡቡ ጋር ተሳስሮ ተባባሪ ነበር ይላል። አንድ ፕሬዚዳንት ስለሚመራው ተቋም "ተባባሪ ነበርን" ብሎ መጻፉ ቀላል አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት የሕግ ትምህርት ቤቱ አርማ ተነሳ። ሦስት የስንዴ ነዶ ያለበት አርማ ነው፣ የሮያል ቤተሰብ። አይዛክ ሮያል በኑዛዜው የሰጠው ሀብት የመጀመሪያውን የሕግ ፕሮፌሰርነት አቋቁሟል። ሀብቱ የመጣው ከአንቲጓ የስኳር እርሻና ከባሪያ ነው። ተማሪዎቹ አርማው ይውረድ ብለው ታገሉ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ክርክር ነበር። ጥቁሯ የታሪክና የሕግ ምሁር አኔት ጎርደን-ሪድ አይውረድ አሉ። አርማው ከወረደ ገንዘቡ ይቀራል፣ የተረሱት ሰዎች ግን እንደገና ይረሳሉ ነው ክርክራቸው። ተሸነፉ። እኔ ግን እስካሁን ሳስበው ሐሳባቸው ያመዝንብኛል።

ስለ ሮያል ቤት ካነሳሁ ቤሊንዳን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከአፍሪካ በልጅነቷ ተይዛ የመጣች ሴት ናት። ሃምሳ ዓመት ያህል ሮያልን አገለገለች። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲነሳ ሮያል ወደ እንግሊዝ ሸሸ። በየካቲት 1783 ቤሊንዳ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበች። ይህ ሁሉ ሀብት በእኔ ድካም የተከማቸ ነው፣ ለእኔና ለበሽተኛ ልጄ መጦሪያ ከእሱ ይሰጠን አለች። ምክር ቤቱ በዓመት 15 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ወሰነላት። ክፍያው ቶሎ ቆመ፤ ደጋግማ አቤት ለማለት ተገደደች። ስለ ካሳ ዛሬ ሲወራ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ያንብቡ። ቤቱ ከባሪያዎቹ መኖሪያ ጋር ሜድፎርድ ከተማ ውስጥ ዛሬም ቆሟል።

ሙግት አይፈሬ፦

የቤሊንዳ ታሪክ ልብ ይነካል። ለዚያ አመሰግናለሁ።

ስለ ሰሌዳው ግን ቀጥ ብዬ ልናገር። ፋውስት ወንበሩን የያዘችው በ2007 ነው። ሰሌዳው የተሰቀለው በ2016። በዓለም ላይ ስለ ባሪያ ጌቶች ከማንም በላይ ከሚያውቁት አንዷ ሆና ዘጠኝ ዓመት! ብራውን ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንቱ በሩት ሲሞንስ ዘመን በ2003 ኮሚቴ አቋቁሞ በ2006 ሙሉ ሪፖርት አውጥቷል። ሲሞንስ የታሪክ ምሁር አይደለችም፣ የሥነ ጽሑፍ ሰው ናት። ቴክሳስ ውስጥ የሰው መሬት እያረሰ ምርት ከሚካፈል ቤተሰብ የወጣች ናት። ማን ቀደመ?

ፋውስት በገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻዋ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስባለች። ሰሌዳው በተሰቀለበት ዓመት መከር ላይ የሃርቫርድ ምግብ ቤት ሠራተኞች ለደመወዝና ለሕክምና ዋስትና ሥራ አቁመው አደባባይ ወጥተው ነበር። ወንበሩን በለቀቀች ማግስት ደግሞ የትልቁ ባንክ የጎልድማን ሳክስ ቦርድ አባል ሆነች። ትናንት ድካማቸው ሳይከፈላቸው ስለሞቱት ማዘን ጥሩ ነው። ዛሬ ወጥ ቤት የቆመውን ማየትስ?

ዓባይ ማዶ፦

ወንድሜ ያነሳኸው ሁሉ የሚያስቆጣ ነው፣ ቁጣህም ይገባኛል። ስለ ሠራተኞቹ አልከራከርህም። ሦስት ሳምንት ያህል ቆመው ነው የጠየቁት የተሰጣቸው፤ ቀድሞ መሰጠት ነበረበት።

በዘጠኙ ዓመት ላይ ግን ልለይብህ። ፋውስት ብራውንን አልቀደሙም፣ እውነት ነው። ሆኖም ሰሌዳውን ሰቅለው አላበቁም። የታሪክ ምሁራን ኮሚቴ አቋቋሙ። መጋቢት 2017 ራድክሊፍ ውስጥ ስለ ዩኒቨርሲቲዎችና ባርነት ትልቅ ጉባኤ አደረጉ። የቀጠለው ነገር ከዚያ መጣ። በእሳቸው ተተኪ በላሪ ባካው ጊዜ፣ በ2022 የወጣው ሪፖርት የሃርቫርድ መሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች ከ70 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘው እንደነበር አረጋገጠ። ዩኒቨርሲቲው 100 ሚሊዮን ዶላር መደበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቶሚኮ ብራውን-ኔጊን ነበሩ፣ በዚያን ጊዜ ፋውስት ድሮ በያዙት የራድክሊፍ ዲንነት ወንበር ላይ የነበሩ። ገንዘቡ ይበቃል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ አይበቃም። ያለ እነዚያ ስሞች ግን እዚህም አይደረስም ነበር።

እኔ የምቆጭበት ሌላ ነገር ነው። ስለ ሃሞንድ እንደዚያ የጻፈ እጅ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ለዓመታት ንግግርና የገንዘብ መለመኛ ደብዳቤ ሲጽፍ መኖሩ። ስለ ሙታን የጻፉት መጽሐፍ የወጣው ወንበሩን እንደያዙ ነው፤ ሥራው ግን ቀድሞ ያለቀ ነበር። ቀጣዩ ትልቅ መጽሐፋቸው፣ የገዛ ልጅነታቸው ታሪክ፣ እስከ 2023 አልወጣም። ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ተመራማሪ ሲያገኙ አስተዳዳሪ ያደርጉታል። በእኛም አገር ያው ነው።

የጅማው ልጅ፦

ስታወሩ ሰነበታችሁ፤ እኔ ደግሞ የቤታችንን ልጠይቅ። እኛስ? ኢትዮጵያ ውስጥም ባርነት ነበር። የኛን ጌቶች አእምሮ ማን አጠና? መምህር ካሉ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መምህሩ (ባሕር ዳር)፦

አለሁ ልጄ። ጥያቄህ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የመጣው።

ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች። በቀጣዩ ዓመት አዋጅ ወጣ። ጨርሶ የሚከለክለው ሕግ ግን የወጣው በ1942፣ በእኛ በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም። ዛሬ በሕይወት ያሉ አያቶች የሚያስታውሱት ዘመን ነው። ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ስለ ንግዱ፣ ስለ መንገዱና ስለ ሕጉ ናቸው። ጌታው ራሱን እንዴት ያሳምን እንደነበር የሚመረምር ሥራ እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው አማርኛ መጽሐፍ የለኝም። ሰዉ ማውራት ያፍራል። የባሪያው ልጅ ዘሩ እንዳይታወቅበት ይደብቃል፣ የጌታው ልጅ የአባቱ ስም እንዳይጎድፍ ይደብቃል። አንተ እዚያው አካባቢ ካለህ ሽማግሌዎቹን አሁኑኑ ቅረጻቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቀህ፣ ስማቸውን ሳታወጣ። ለመቅረጽ ፕሮፌሰር መሆን አይጠበቅብህም።

የጅማው ልጅ፦

እሺ መምህር። አያቴ ጋ እጀምራለሁ።

ፀደይ፦

ዓባይ ማዶ፣ ከፋውስት መጻሕፍት የቱን ላስቀድም? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው።

ዓባይ ማዶ፦

ስለ ሙታን የጻፉትን አስቀድሚ። አጻጻፉ ይስባል፣ የታሪክ ባለሙያ መሆን አይጠይቅም። በ2009 ባንክሮፍት የሚባለውን ትልቅ የታሪክ ሽልማት ያገኘው እሱ ነው። ቀጥሎ የልጅነታቸውን ያንብቡት የምለው ለወጣቶች ነው፤ ከቨርጂኒያው ቤት እስከ ሰልማ ያለውን ያገኙበታል። የሃሞንድ ታሪክ ሦስተኛ ይሁን። እሱ ረጅም ነው፣ ይከብዳልም፤ አንዳንዱን ገጽ በአንድ ትንፋሽ አታነቢውም። ከእሱ ጋር ደግሞ ሙግት አይፈሬ የጠቀሰውን የፍራንክሊንን ግለ ታሪክ አያይዢ። የራሌው የመዝገብ ቤት ቁልፍ ታሪክ እዚያ በራሱ አንደበት አለ።

ሙግት አይፈሬ፦

በዚህ ተስማምተናል። ፀደይ፣ የቀድሞ ባሪያዎቹ ቃለ መጠይቆችም በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባሉ። ጥቂቶቹ በድምፅ የተቀዱ ናቸው። በየግዛቱ ተከፍለው ስለተቀመጡ ከደቡብ ካሮላይናው ብትጀምሪ ከሃሞንድ አገር ሰዎች ጋር ትገናኛለሽ።